ተዳፋትን በእጅ መሥራት፦ የሰሌዳው የሥራ ማስታወሻ

የወንድሜ ልጅ የተዳፋትን ቀመር በቃሏ ታውቃለች። «የዋይ ለውጥ ሲካፈል ለኤክስ ለውጥ» ትላለች፤ ሁለት ነጥብ ከሰጧትም አስልታ 0.5 ታወጣለች። ያ 0.5 ምኑ እንደሆነ ስትጠየቅ ግን ዝም ነው። ዲግሪ ይሁን፣ ርዝመት ይሁን፣ ወይስ ሌላ ነገር፣ አታውቅም። ቀመሩን ደግሞ ማስረዳት የትም ስላላደረሰን መስመሩን በእጅ የሚነካ አድርገን ልንሠራው ተስማማን። ከዚህ በታች ያለው በየደረጃው የያዝኩት ማስታወሻ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰሌዳው

ዕቃ፦ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ለችካል የሚሆን ባለ 6 ሚሊ ሜትር ድቡልቡል እንጨት፣ ሲባጎ፣ ወፍራም ካርቶን፣ ድሪልና የ6 ፑንታ፣ ስኳድራ፣ ማስመሪያ፣ ቀይና ሰማያዊ ማርከር። ገንዘብ የጠየቀው ኮምፔንሳቶው ብቻ ነው፤ ሌላው ከድሮ ሥራ የተረፈ ነው። ጊዜ የሚበላው መብሳቱ ነው።

ከየጠርዙ 5 ሴ.ሜ ትተን በየ5 ሴ.ሜ አሰመርን። በአንድ ረድፍ 11 ቀዳዳ፣ በጠቅላላው 121። ጎዶሎ ቁጥር የመረጥነው በየረድፉ ስድስተኛው ቀዳዳ መሀል ላይ እንዲውል ነው። የመሀሉ ቀዳዳ ዜሮ ከሆነ ሰሌዳው በሁለቱም አቅጣጫ ከ−5 እስከ 5 ይቆጥራል፤ ነጌቲቭ ቁጥሮች ያለ ተጨማሪ ሥራ ተገኙ።

ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ፑንታው በኮምፔንሳቶው ልሙጥ ፊት ላይ ስለሚንሸራተት እያንዳንዱ ነጥብ አስቀድሞ በሚስማር ጫፍ መመታት አለበት። ሁለተኛ፣ ቀዳዳውን ከቀጥሎው ቀዳዳ እየለኩ መሄድ አያዋጣም። በየልኬቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳት አሥረኛው ላይ ሲደረስ 5 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ከአንዱ ጠርዝ መለካት ነው፤ 5፣ 10፣ 15 እያሉ።

ችካሎቹን 4 ሴ.ሜ አድርገን ቆረጥን። ጥብቅ ብለው ስለገቡ ጫፋቸውን በመፋቂያ ወረቀት አለሰለስን።

ደረጃ 2፦ ሲባጎው

ሁለት ችካል ተክለን ሲባጎ ወጠርንና መስመር አገኘን። ወዲያው ችግር መጣ። ሁለቱም ችካሎች ዜሮ ረድፍ ላይ፣ አንዱ ከመሀል ሁለት ቀዳዳ ወደ ግራ፣ ሌላው ሁለት ቀዳዳ ወደ ቀኝ ናቸው፤ መስመሩ ፍጹም አግድም መሆን ነበረበት። ማስመሪያ ስናስጠጋበት ግን ያዘነብላል።

ምክንያቱ የችካሉ ውፍረት ነው። ሲባጎው በግራው ችካል ላይ ከላይ፣ በቀኙ ላይ ከታች አልፏል። ስለዚህ በ20 ሴ.ሜ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ተዳፋቱ ዜሮ መሆን ሲገባው −0.03 ገደማ ሆነ። በሁለቱም ላይ ከላይ ስናሳልፈው ማዘንበሉ ጠፋ። ሙሉው መስመር በ3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል እንጂ አቅጣጫው አልተነካም። ልጅቷ እዚህ ላይ ቆም አለች። «ታዲያ መስመሩ ከቦታው ተነሥቷል እኮ፣ አጎቴ። ተዳፋቱ እንዴት አልተለወጠም?» አለችኝ። ስለ ትይዩ መስመሮች የምነግራት ሌላ ቀን ነበር፤ ጥያቄው ራሱ ስለመጣ ግን እዚያው ሁለተኛ ሲባጎ በሦስት ቀዳዳ ከፍ አድርገን ወጠርን። ሁለቱ የትም አይገናኙም፤ የሁለቱም ተዳፋት ዜሮ ነው። መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሚለወጠው ዋይ ዘንግን የሚቆርጥበት ቦታ ነው።

ከዚሁ ችግር ሌላም ነገር ወጣ። ችካሎቹን ወደ ሰሌዳው ሁለት ጫፍ፣ 50 ሴ.ሜ ድረስ ብናራርቃቸው ያው የ6 ሚሊ ሜትር ስህተት በተዳፋቱ ላይ 0.012 ብቻ ያመጣል። ስህተቱ ያው ነው፣ የሚካፈልበት ቁጥር ግን ትልቅ ሆኗል። ከግራፍ ላይ ተዳፋት ስታነቡ የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ምረጡ የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚህ በኋላ በልኬት ሁሉ ይህን ተከተልን።

ደረጃ 3፦ የካርቶን ጎነ ሦስቶች

ሥራው ፍሬ የሰጠው እዚህ ነው።

አንድ ሲባጎ በ(−4፣ −2) እና በ(4፣ 2) መካከል ወጠርን። ከዚያ ከካርቶን ሦስት ቀጥ ያለ ማዕዘን ያላቸው ጎነ ሦስቶች ቆረጥን፦ አግድሙ 10 ሽቅቡ 5 ሴ.ሜ፤ አግድሙ 20 ሽቅቡ 10፤ አግድሙ 30 ሽቅቡ 15። በየአግድሙ ጎን ሰማያዊ፣ በየሽቅቡ ጎን ቀይ ቀባን።

ትንሿን አንሥታ ከሲባጎው ሥር አስገባቻት። ሰማያዊው ጎን ከታች ጠርዝ ጋር ትይዩ እንዲሆን በማስመሪያ ደግፋ ገፋችው፤ ሰያፉ ጎን ከሲባጎው ጋር ልክክ አለ። ወደ ቀኝ እያንሸራተተች ወጣች፤ የትም ቦታ ክፍተት የለም። ትልቁን አመጣች፣ እሱም ገጠመ። መካከለኛውም እንዲሁ። ከዚያ ሦስቱንም ጎን ለጎን ደርድራ የእያንዳንዱን ቀይ ለሰማያዊ አካፈለች፦ 5 ለ10፣ 10 ለ20፣ 15 ለ30። ሁሉም 0.5።

ተዳፋት የአንድ መስመር አንድ ቁጥር የሚሆነው በዚህ ነው። ማንኛውንም ሁለት ነጥብ ብትመርጡ የምትሠሩት ጎነ ሦስት ከሌሎቹ ጋር ተመሳሳይ ነው፣ የተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ጎኖች ደግሞ ንጽጽራቸው አንድ ነው። መጽሐፎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግን የትምህርቱ ምሰሶ ነው እላለሁ። 0.5 ማለት አንድ ወደ ቀኝ በሄድክ ቁጥር ግማሽ ወደ ላይ ትወጣለህ ማለት ነው፣ ከየትም ብትነሣ።

ማረጋገጫ እንዲሆን አግድሙ 10 ሽቅቡ 6 የሆነ አራተኛ ጎነ ሦስት ቆረጥን። ሲባጎው ሥር ሲገባ አናቱ ሲባጎውን ወደ ላይ ገፋው፣ በታችኛው ጫፍ ደግሞ ክፍተት ተወ። 0.6 እና 0.5 በዓይን ይለያሉ።

እግረ መንገዳችንን፣ ያንኑ የ10 በ5 ጎነ ሦስት በሩብ ዙር አዞርነው። አግድም የነበረው ቆመ፣ የቆመው ተኛ፤ ሰያፉ ጎን አሁን ቁልቁል ይሄዳል። የአዲሱ መስመር ተዳፋት −2 ሆነ። 0.5 በ−2 ሲባዛ −1 ይሰጣል። እርስ በርስ ቀጤ ነክ ለሆኑ መስመሮች የሚሰጠው ሕግ ይህ ነው፤ ካርቶኑ ሲዞር ስላየችው ሕጉን ማስታወስ አላስፈለጋትም። አንዱ አግድም ሌላው ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ግን አይሠራም፣ የቆመው ተዳፋት የለውምና።

ደረጃ 4፦ ምልክቱ

በ(−3፣ −2) እና (3፣ 1) የሚያልፈውን መስመር እንድታሰላ ሰጠኋት። ላዕላዩን 1 − (−2) ብላ 3 አገኘች፤ ታህታዩን −3 − 3 ብላ −6። መልስ −0.5። ሲባጎው ፊቷ ላይ ሽቅብ ይወጣል።

በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ ላዕላይና ታህታይ ከተለያየ ነጥብ ሲጀምሩ ምልክቱ ይገለበጣል። «ከሁለተኛው ቀንሺ» ከማለት ይልቅ ሁለት የካርቶን ቀስቶች ሠራን። መጀመሪያ ሰማያዊው ከአንዱ ችካል ተነሥቶ በአግድም ከሌላው ችካል ልክ ሥር ወይም በላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀዩ ከሰማያዊው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ችካሉ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ከግራው ችካል ስትነሣ ቀኝ 6፣ ላይ 3። ከቀኙ ችካል ስትነሣ ግራ 6፣ ታች 3፤ −3 ለ−6 ያው 0.5 ነው። ከየትኛው መነሣት ግድ የለም፤ አንዴ ከተነሡበት ግን ለሁለቱም ቀስት እዚያው መጽናት ነው።

ደረጃ 5፦ ዲግሪው

በመነሻው ያየነው ጥያቄ፣ «0.5 ዲግሪ ነው ወይ?» የሚለው፣ እዚህ መልስ አገኘ። ቀጭን ርብራብ እንጨት በሰሌዳው የግራ የታችኛው ጥግ ላይ በአንድ ብሎን አሰርን፤ እንደ በር ይዞራል። ጥጉ ላይ ፕሮትራክተር ለጠፍን፣ ከጥጉ 20 ሴ.ሜ ርቀት ላይ ደግሞ ማስመሪያ አቆምን። ርብራቡን በየዲግሪው እያቆምን በ20 ሴ.ሜ አግድም ስንት ሽቅብ እንደደረሰ እናነባለን።

ብሎኑን በጣም ስናጠብቀው ርብራቡ አይዞርም፣ ስናላላው ይወድቃል። ከብሎኑ ሥር የጎማ ቀለበት ማስገባት መፍትሔ ሆነ።

30 ዲግሪ ላይ 11.5 ሴ.ሜ፣ ተዳፋት 0.58 ገደማ። 45 ላይ 20 ሴ.ሜ፣ ተዳፋት 1። 60 ላይ ከመለካታችን በፊት እንድትገምት ጠየቅኳት፤ «የ30 እጥፍ ነዋ፣ 23» አለች። ማስመሪያው 34.6 አሳየ። ሦስት እጥፍ! የልኬት ስህተት አይደለም። የ60 ዲግሪ ታንጀንት፣ ማለትም ሽቅቡ ለአግድሙ ሲካፈል፣ 1.732፣ የ30 ደግሞ 0.577 ነው፤ ንጽጽራቸው ልክ 3 ነው። 80 ላይ ሽቅቡ 113 ሴ.ሜ ስለሚሆን ርብራቡ ከሰሌዳው ወጣ። 89 ላይ ተዳፋቱ 57 ያልፋል። 90 ላይ አግድሙ ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ስለሌለ ቁጥሩም የለም። ርብራቡን ቀስ እያለች ወደ ላይ ስትገፋ ቁጥሩ እንዴት እንደሚፈነዳ አየች። «ተዳፋት የለውም» እና «ተዳፋቱ ዜሮ ነው» የሚሉት ሁለት ቃላት ከዚያ ወዲህ አይምታቱባትም።

በመንገድ ምልክት ላይ የሚጻፈውም ፐርሰንት ይሄው ንጽጽር በ100 ተባዝቶ ነው። 100 ፐርሰንት ማለት 45 ዲግሪ እንጂ ግድግዳ አይደለም። በኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ ያለው ባልድዊን ጎዳና በቁልቁለቱ ዓለም ያወቀው ነው፤ በገደላማው ክፍሉ 34.8 ፐርሰንት ያዘነብላል። በዲግሪ ሲነገር 19 ብቻ መሆኑን ስትሰማ አላመነችም፤ ርብራቡን 19 ላይ አቁማ 20 ሴ.ሜው ላይ 7 ሴ.ሜ ገደማ ካነበበች በኋላ ተቀበለች።

ደረጃ 6፦ ከሰሌዳው ውጭ

በር ላይ 30 ሴ.ሜ ከፍታ የሚያስወጣ የእንጨት መወጣጫ አለ፤ በላዩ ሜትር ሲዘረጋ 2 ሜትር ነው። ተዳፋቱ ስንት ነው?

መሣሪያችን ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦና ውሃ ነበር። ቱቦው ሁለት ጫፉ ክፍት ከሆነ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ግንበኞች ውሃ ልክ በማይደርስበት ርቀት የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ሁለቱ ጫፎች 2 ሴ.ሜ ተለያዩ። ቱቦው መሀል ላይ የአየር አረፋ ተቀርቅሮ ነበር። ቱቦውን አንጠልጥሎ በጣት እየኮረኮሩ አረፋውን ማስወጣት፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን አቅርቦ እኩል መሆናቸውን ማየት፣ ከዚያ መለካት። ከፍታው 30 መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

አግድሙን ግን ጠንቀቅ ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ያ 2 ሜትር ሰያፉ ነው። ከላይኛው ጫፍ ቱንቢ ጥለን መሬት የነካበትን ምልክት አድርገን ከታችኛው ጫፍ ስንለካ 197.7 ሴ.ሜ ገደማ ሆነ። 30 ለ197.7 ማለት 0.152፤ በሰያፉ ብናካፍል 0.150። እዚህ ልዩነቱ ከቁብ አይቆጠርም። ግድግዳ ላይ በተደገፈ 2 ሜትር መሰላል ስንሞክረው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ጫፉ 1.8 ሜትር ላይ ከሆነ አግድሙ 87 ሴ.ሜ ነው፤ ትክክለኛው ተዳፋት 2.06፣ በሰያፉ የተካፈለው 0.9። መስመሩ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ ከ1 በታች የሆነ ቁጥር ይሰጣል ማለት ነው።

ወደ መወጣጫው እንመለስና፣ ለተሽከርካሪ ወንበር በሰፊው የሚሠራበት ወሰን 1 ለ12 ነው፤ 8.33 ፐርሰንት፣ ከ5 ዲግሪ በታች። የእኛው 15 ፐርሰንት ነው፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለ30 ሴ.ሜ ከፍታ 360 ሴ.ሜ አግድም ያስፈልጋል። መወጣጫውን ማስረዘም ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ለብቻው ይዘነዋል።

ደረጃ 7፦ ሻማው

እስካሁን ላዕላዩም ታህታዩም ሴንቲ ሜትር ስለነበር ተዳፋቱ መለኪያ አልነበረውም፤ ሴንቲ ሜትሩ ይጣፋል። ሁለቱ ዘንጎች የተለያየ ነገር ሲሆኑ ምን ይሆናል? ቀጭን ሻማ አብርተን ቁመቱን በየ20 ደቂቃው መዘገብን።

የሻማ ጫፍ ሾጣጣ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ድቡልቡሉ ክፍል እስኪደርስ አስነድደን ከዚያ ሰዓት ጀመርን። ንፋስም ጉዳይ ነው፤ መስኮት ስር ያነደድነው በአንድ ጎኑ ቀልጦ ስለፈሰሰ ጥለነው ሌላ አበራን።

በ0 ደቂቃ 18.0 ሴ.ሜ፤ በ20፣ 17.3፤ በ40፣ 16.5፤ በ60፣ 15.8፤ በ80፣ 15.1። ከጫፍ እስከ ጫፍ −2.9 ለ80፣ ማለትም −0.036 ሴ.ሜ በደቂቃ። ነጌቲቩ ሻማው እያጠረ ነው ይላል። በሰዓት ከተቆጠረ ያው ሻማ −2.2 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ 60 እጥፍ አደገ፣ ነበልባሉ ግን ያው ነው። ስለዚህ «በደቂቃ» ወይም «በሰዓት» የሚለው ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን ባዶ ነው።

ሁለት ግራፍ እንድትሥል አደረግኩ። በአንዱ 1 ሴ.ሜ ወረቀት 10 ደቂቃ፣ በሌላው 40 ደቂቃ። የመጀመሪያው ረጋ ብሎ የሚወርድ መስመር ነው፤ ሁለተኛው ገደል። ካሬ ቆጥራ ስታካፍል የተለያየ መልስ አገኘች፣ ከዘንጎቹ ላይ ቁጥሩን አንብባ ስታካፍል ግን ሁለቱም −0.036። ካሬ መቁጠር የሚሠራው እንደ ሰሌዳችን ሁለቱም ዘንጎች በአንድ ልክ ሲከፈሉ ብቻ ነው። ግራፍ አይቶ «ቁልቁል ወረደ» ከማለት በፊት ዘንጉን ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ይህን ከትምህርት ቤት ውጭም ለሚያነበው ሰው ሁሉ እመኛለሁ።

የመስመሩ እኩልታ፦ ቁመት = 18 − 0.036 × ደቂቃ። 18 መነሻው፣ −0.036 ተዳፋቱ። በዚህ ሂሳብ ሻማው በ500 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል።

ደረጃ 8፦ የተበሳ ጠርሙስ

ቀጥታ ያልሆነ ነገር ካልታየ ቀጥታው በደንብ አይታወቅም። ረጅም የፕላስቲክ ጠርሙስ ከወገቡ በታች በጋለ መርፌ በሳን፣ ከቀዳዳው ጀምሮ የሴንቲ ሜትር ምልክት ለጠፍን። ጠርሙሱ በቁመቱ ሁሉ እኩል ውፍረት ያለው መሆን አለበት፤ ወገቡ የገባ ጠርሙስ ልኬቱን ያበላሻል። ክዳኑም መከፈት አለበት፣ አለበለዚያ ውሃው በደንብ አይፈስም።

በ0 ሰከንድ 20.0 ሴ.ሜ፤ በ40፣ 12.9፤ በ80፣ 7.3፤ በ120፣ 3.3፤ በ160፣ 0.9። በየሁለቱ ነጥብ መካከል ያለው ተዳፋት በቅደም ተከተል −0.18፣ −0.14፣ −0.10፣ −0.06 ሴ.ሜ በሰከንድ። ሻማው የትም ሁለት ነጥብ ቢመረጥ ያው ቁጥር ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ይህ ግን በየቦታው ሌላ ነው። ሰሌዳው ላይ በአምስት ችካል ስንተክለው ሲባጎው በየችካሉ ይታጠፋል፤ የካርቶን ጎነ ሦስቶቻችን አንድ ቦታ ሲገጥሙ ሌላው ቦታ አይገጥሙም።

ምክንያቱ የውሃው ከፍታ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ሲያንስ ከቀዳዳው የሚወጣበት ፍጥነትም ይቀንሳል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው ፍጥነቱ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ እሷ ራሷ ቁጥሮቹን ትክ ብላ አይታ «በ0.04 በ0.04 እኮ ነው የሚቀንሱት» አለች። አራቱን ተዳፋቶች በየክፍላቸው መሀል ሰከንድ፣ በ20፣ 60፣ 100 እና 140 ላይ፣ እንደ አዲስ ነጥቦች ሰሌዳው ላይ ተከልናቸው። አግድም አንድ ቀዳዳ 40 ሰከንድ፣ ሽቅብ አንድ ቀዳዳ 0.04። ሲባጎውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በችካሎቹ ላይ ከላይ አሳልፈን ወጠርን፤ አራቱንም ነካ። 0.04 ለ40፣ ማለትም 0.001 ሴ.ሜ በሰከንድ በሰከንድ። የጎበጠው መስመር ተዳፋቶች ራሳቸው ቀጥታ መስመር ሠሩ።

መስመሩ በ200 ሰከንድ ዜሮ ይደርሳል ይላል። በሰዓት ልናረጋግጠው ሞከርን፤ መጨረሻ ላይ ውሃው መፍሰሱን ትቶ በቀዳዳው አፍ ላይ እየተንጠለጠለ መንጠብጠብ ስለሚጀምር ልኩን ማንበብ አልተቻለም። ቀጥሎ ቀዳዳውን ትንሽ አስፍተን በሌላ ጠርሙስ እንደግመዋለን።